የሦስተኛው ጆንያ አፈር

«ተህሲን! ደረስን እኮ፤ ምን ወንበር ስር ያስገባሻል?»

«የጫማዬ ማሰሪያ ተፈቶ ነው።»

«ሦስት ሰዓት ሙሉ?» አለች ሽራቫኒ እየሳቀች።

ማሰሪያው እንኳን ሊፈታ ላላም አላለም። አውቶብሱ የቢዳርን የድንጋይ በር አልፎ ገበያው መሀል ገብቷል፤ ተህሲንን ያስጨነቃት እሱ ነው። እዚህ ገበያ ውስጥ እሷን የማያውቅ የለም። አምባር ሻጩ ያውቃታል። የማሽላ ቂጣ ጋጋሪዋ ታውቃታለች። መስጊዱ ጥግ ጥላ ይዘው የሚተኙት ፍየሎች እንኳን ሳያውቋት አይቀሩም። አንዱ ተነስቶ «አንቺ የነኢም ልጅ!» ብሎ ቢጣራ ጉዷ ፈላ።

ጉዱ ደግሞ ይሄ ነው። አስራ አንደኛ ክፍልን እኛ ሕንድ ውስጥ ኮሌጅ ነው የምንለው፤ ተህሲንም ለኮሌጅ ብላ ካላቡራጊ ከተማ አክስቷ ቤት ስትገባ ገና አስራ ስድስት አልሞላትም ነበር። በመጀመሪያው ቀን ልጆቹ የአባቶቻቸውን ሥራ ተራ በተራ ይናገሩ ጀመር። ጠበቃ፣ ሐኪም፣ የሲሚንቶ ፋብሪካ መሐንዲስ እያሉ እሷ ጋ ደረሱ። ቀኑን ሙሉ መሬት ላይ ተቀምጦ ብረት የሚወቅረው አባቷ፣ ጥቁር ጥፍሮቹ፣ ዓይኗ ላይ መጡባት። «ዱባይ ነው ያለው፤ የብረታ ብረት ነጋዴ ነው» አለች። በቃ፣ ከአፏ ወጣ። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይላሉ፤ የተህሲን ግን እያደር ከበደ። የክፍሉ ቀልደኛ ሳንጉ በየሳምንቱ «የዱባይ ቸኮሌትስ?» እያለ ሲያስጨንቃት፣ ከአክስቷ ሰፈር ሱቅ እየገዛች «አባቴ ላከልኝ» ብላ ታድል ነበር።

አሁን ደግሞ የኮሌጁ ዳይሬክተር ጡረታ ሊወጡ ነው። ክፍሉ ቢድሪ የሚባለውን የቢዳር እጅ ሥራ ሳህን ሊሰጣቸው ተስማማ፤ መሀሉ ላይ ስማቸው፣ ዙሪያውን ጣዎስ በብር የተሠራበት ጥቁር ሳህን። የታሪክ መምህሩ ሂሬማት «ከሱቅ መግዛት የለም! ሲሠራ አይተን ነው የምንረከበው፤ በዚያውም የድሮውን የቢዳር ግንብ ታያላችሁ» አሉ። ከቢዳር ባለሙያዎች ሁሉ መርጠው ያዘዙት ማንን መሰላችሁ? ነኢምን።

ሐሙስ ዕለት ከኮሌጅ እንደወጣች ተህሲን ደወለች። «አባባ፣ ቅዳሜ የሚመጡት የኔ ክፍል ልጆች ናቸው። እንደማታውቀኝ ሁንልኝ፣ በናትህ።»

ከአባቷ በስተኋላ ይሰማ የነበረው የመዶሻ ድምፅ ቆመ።

«እሺ፣ የኔ ልጅ» አለ አባቷ። «ሻይ ግን ትጠጫለሽ አይደል?»

ስልኩን ስትዘጋ ራሷን ጠላች። ጠልታም መልሳ አልደወለችም።

ነኢም በሩ ላይ ቆሞ ተቀበላቸው። የዒድ ሸሚዙን አስተኩሶ ለብሷል። ጥፍሮቹን ፈትጎ ፈትጎ ጣቶቹ ቀልተዋል፤ ጥቁሩ ግን አልለቀቀም።

«እንኳን ደህና መጣችሁ ልጆቼ! ግቡ፣ ግቡ። ጫማችሁን እዚያ ጋ።» ዓይኑ ሃያ ሁለቱንም ልጆች አንድ በአንድ ሳመ፤ ተህሲን ላይ ሲደርስ ግድግዳ እንዳየ አለፈ። ቃሉን ጠበቀ። የፈለገችውም ይሄንኑ ነበር፤ ታዲያ ለምን እንባዋ እንደመጣ እሷም አልገባትም።

ሻይ በወተት ዞረ። ሽራቫኒ ብርጭቆዋን አይታ ፊቷን አጨማደደች። «ውይ፣ ስልባቦት! አልወድም። ያንቺ ላይ የለም እንዴ?»

የተህሲን ሻይ ላይ ስልባቦት አልነበረም። ከሁሉም ብርጭቆ የሷን ብቻ ማን ገፎ እንዳቀረበው ታውቃለች። አንገቷን ደፍታ ጠጣችው።

«በሉ ቅረቡ» አለ ነኢም ሳህኑን እያነሳ። ሳህኑ ገና ነጣ ያለ ስለነበር ብሩ ከብረቱ አይለይም፤ ስሙም ጣዎሱም አይታዩም። «ከግንቡ ስር ለዘመናት ፀሐይና ዝናብ ያልነካው አፈር አለ። ከዚህ ነጭ ዱቄት ጋር እናፈላዋለን፣ ሳህኑን እንነክርበታለን። ብረቱ ይጠቁራል፤ ብሩን ግን ንክች አያደርገውም። ታዲያ ያገኙት አፈር ሁሉ አይሆንም። ትክክለኛውን የሚያውቀው ዓይን አይደለም፤ ምላስ ነው።»

«ይቀመሳል?» አለ ሳንጉ። «ጋሼ፣ በእንጀራዎ ይቀልዳሉ?»

«በእንጀራዬማ አልቀልድም» አለና ነኢም ጥግ ላይ ከቆሙት አራት ጆንያዎች ከመጀመሪያው ቆንጥሮ ምላሱ ላይ አደረገ። ዓይኑን ጨፈነ፣ ራሱን በአዎንታ ነቀነቀ። ልጆቹ አጨበጨቡ።

ተህሲን አላጨበጨበችም። ካለፈው ክረምት ትኩሳት ወዲህ የአባቷ ምላስ ስኳርና ጨው እንኳን አይለይም። ይሄንን የሚያውቁት እሱና እሷ ብቻ ናቸው፤ ምላሱ የሞተ ባለሙያ ማን ያዘዋል? እሁድ እሁድ ከካላቡራጊ እየመጣች አፈሩን የምትቀምሰውና የደህናው ጆንያ አፍ ላይ ቀይ ክር የምታስረው እሷ ነበረች። ዛሬ አንዱም ጆንያ ላይ ክር የለም። «ፈተና አለብኝ» ብላ ሦስት እሁድ ቀርታለች። ፈተናው የነበረው አንዱን እሁድ ብቻ ነው፤ ሁለቱን ከሽራቫኒ ጋር ሲኒማ ገብታበታለች።

ውሃው ከመጀመሪያው ጆንያ አፈርና ከነጩ ዱቄት ጋር ፈላ። ሳህኑ ገባ። ልጆቹ ስልካቸውን ደግነው ዙሪያውን ከበቡ። ነኢም በመቆንጠጫ ይዞ አወጣው፣ አጠበው፣ በጨርቅ አበሰው።

ሳህኑ አመድ ለብሶ ወጣ። እዚህ ጋ ግራጫ፣ እዚያ ጋ ቡናማ፣ ጣዎሱም ላባው የተነጨ ዶሮ መስሏል።

«ጋሼ፣ ጥቁር ያሉን ይሄንን ነው?» አለ ሳንጉ። ከኋላ ሳቅ ተሰማ።

ነኢም ሳህኑን ወደ ብርሃን አዙሮ አየው። ወለወለና እንደገና ነከረው። የባሰ ሆነ። መምህር ሂሬማት ሰዓታቸውን አዩ። «አውቶብሱ በአስር ሰዓት ይነሳል» አሉ፤ ቀስ ብለው ነው ያሉት፣ ላለማሳፈር። «ሽኝቱ ሰኞ ነው። ካልሆነ ገበያ ወጥተን የተዘጋጀ እንግዛ ይሆን?»

«ይቅርታ አድርጉልኝ» አለ ነኢም። «እርጅና መጣ መሰለኝ። ብራችሁን እመልሳለሁ።» ሠላሳ ዓመት የሠራባቸውን እጆቹን ጭኑ ላይ አስቀምጦ ሳህኑን ይመለከታል። ሳንጉ አጠገቡ ላለው ልጅ «ባለሙያ ተብሎ ደግሞ!» ሲል ሁሉም ሰማ።

አባቷ አንድ ጊዜ፣ አንዲት ጊዜ ብቻ ወደሷ ቢያይ ይበቃ ነበር። ልጄ ነች፣ እሷ ትቅመሰው ቢል ይበቃ ነበር። አላየም። በሰው ፊት ስሙ ሲወድቅ እያየ የሷን ውሸት ይጠብቅላታል። ተህሲን ዝም ካለች በአስር ሰዓት አውቶብሱ ይነሳል፣ የዱባዩም ወሬ እንዳለ ይቀጥላል። አባቷ ግን እዚህ ከዚህ ሳህን ጋር ይቀራል።

ብርጭቆዋን መሬት ላይ አስቀምጣ ተነሳች።

«አባባ፣ ያንተ ጥፋት አይደለም። አፈሩ ነው።»

«አባባ?» አለች ሽራቫኒ። «ማነው አባባ?»

«አባቴ ነው» አለች ተህሲን። «ዱባይ የለም። ዱባይ ሄዶም አያውቅም። አባቴ ነኢም ነው፣ እኔም እዚህ ቤት ነው የተወለድኩት። ሳንጉ፣ ከመንገዴ ዞር በል።»

ሳንጉ ዞር አለ። ተህሲን ጆንያዎቹ ፊት ተንበረከከች። ከመጀመሪያው ቆንጥራ ቀመሰች፤ ምንም የለውም፣ ባዶ አቧራ። ተፋችው። ሁለተኛው ጣፈጥ ይላል፤ እርጥበት አግኝቶታል፣ ተፋችው።

«አፈር ብይ ሳይሏት በላች!» አለ አንዱ።

«እንኳንም በላሁ» አለች ሳትዞር።

ሦስተኛው ጆንያ። መጀመሪያ ኮመጠጣት፣ ቀጥሎ መረራት፣ ከዚያ ምላሷን ጫፉ ላይ ንክስ አደረጋት። ያቺን ንክሻ ከአምስት ዓመቷ ጀምሮ ታውቃታለች። አባቷ ጉልበቱ ላይ አስቀምጦ «ነከሰሽ?» ሲላት፣ «ነከሰኝ!» ብላ ትጮህ ነበር።

አሁን ቀና አለች። ነኢም ያያታል። ግድግዳ እንደሚያይ ሰው አልነበረም።

«ነከሰሽ?» አለ በቀስታ።

«ነከሰኝ፣ አባባ።»

«ታዲያ ምን ቆመሽ ታይኛለሽ? ውሃ ጣጂ!»

እሷ ውሃ ጣደች፣ እሱ ሳህኑን ፍቆ አነጣ። አፈሩን እሷ ሰፈረች፣ ዱቄቱን እሱ ጨመረ። እሳት የለመዱ ሁለት ሰዎች ሳይነጋገሩ ሲሠሩ ማየት እንዴት ደስ ይላል! መምህር ሂሬማት ሰዓታቸውን ማየት ረሱ። ሳህኑ ገባ። አንድ፣ ሁለት ብሎ የሚቆጥር እንኳን ጠፋ።

«አንቺ አውጪው» አለ ነኢም መቆንጠጫውን እየሰጣት።

አወጣችው፣ አጠበችው፣ በዘይት በተነከረ ጨርቅ አሸችው። እልም ያለ ጥቁር! በጥቁሩ ላይ የዳይሬክተሩ ስም ቦግ አለ፣ ጣዎሱ ላባውን ዘረጋ፣ እያንዳንዷ የብር ክር አበራች። ቤቱ በጩኸት ተናጋ። አምባር ሻጩ ምን መጣ ብሎ ሮጦ መጣና «የነኢም ልጅ ገባች እንዴ?» ሲል፣ ሃያ አንድ ልጆች ባንድ ድምፅ «አዎ!» አሉት። መምህር ሂሬማት ሳህኑን በሁለት እጃቸው ተቀብለው ለነኢም ጎንበስ አሉ፤ ተማሪዎቻቸው እንዲህ ሲያደርጉ አይተዋቸው አያውቁም።

«እኔም ልቅመስ!» አለ ሳንጉ፣ ማን ሊቀድመው። ቆንጥሮ ዋጠ፤ ዋጠ እንጂ አልተፋም፣ ጅል። እያሳለው እያለቀሰ ወደ ውሃው ሮጠ። መለስ ሲል ግን ነኢም ፊት ቆመ። «ጋሼ፣ ቅድም ላልኩት ይቅርታ። ምላሴም ተቀጥቷል።»

«አፈሩ ፈራጅ ነው» አለ ነኢም እየሳቀ።

ሽራቫኒ ብቻ አልሳቀችም። ተህሲንን በር ላይ ጠበቀቻት። «ቸኮሌቱስ?»

«ከአክስቴ ሰፈር ሱቅ።»

«እኔ ደግሞ የውጭ ነው ብዬ ወረቀቱን ደብተሬ ውስጥ አስቀምጬዋለሁ! አንቺ!» ከንፈሯን ነከሰች። «ተናድጃለሁ። የምሬን ነው። አባቴ ይሄንን የሚችል ቢሆን በየመንገዱ ነበር የማወራው።»

«ይቅርታ፣ ሽሩ።»

«ሰኞ ትነግሪኛለሽ፤ ሁሉንም፣ ከመጀመሪያው። አሁን ነይ፣ አውቶብሱ ውስጥ አጠገቤ ቦታ ይዤልሻለሁ።»

በአስር ሰዓት አውቶብሱ ሞተሩን አስነሳ። ተህሲን በመስኮት ወደ ቤታቸው አየች። አባቷ በሩ ላይ ቆሟል። ልጆቹ ሁሉ እጃቸውን ያውለበልቡለታል፤ እሱ ለነሱ ያውለበልብና የሷ መስኮት ጋ ሲደርስ እጁን ዝቅ ያደርጋል። የሐሙሱን «እንደማታውቀኝ ሁንልኝ» ገና አላነሳችለትም።

«ቲቸር» አለች ተህሲን እየተነሳች፣ «እኔ ሰኞ ጠዋት በራሴ እመጣለሁ። ነገ እሁድ ነው፤ እቤት ሥራ አለብኝ።»

መምህር ሂሬማት በመስኮቱ ብቅ ብለው ነኢምን አዩት፤ ከዚያ ሹፌሩን ትከሻውን መታ አደረጉት። «ክፈትላት።»

ወርዳ ጫማዋን በሩ ላይ አወለቀችና ገባች። ነኢም ከኪሱ ቀይ ክር አውጥቶ ሰጣት፤ ሦስት ሳምንት ሙሉ ኪሱ ውስጥ ስለቆየ ተጣጥፏል። ተህሲን የሦስተኛውን ጆንያ አፍ አሰረችና ልትቀምሰው ወደ አራተኛው ዞራ አፉን መክፈት ጀመረች።