ባጃጅ አላሸነፈኝም

ፌቨን ቡጢ ስትሰነዝር ነፋሱ ብቻ ሀዋሳ ሐይቅ ዳር የቆመውን አባ ኮዳ ወፍ ሁሉ ያስነሳል ይባላል። ይህን ያስወራው የባጃጅ ሹፌሩ ሳምሶን ነውና ግማሹን ቀንሱለት። የማይቀነሰው ይኸው ነው፤ ፕሮፌሽናል ከሆነች ወዲህ ስድስት ጊዜ ተጋጥማ ስድስቱንም አሸንፋለች።

የተዋወቁት ከቱላ ወደ መሃል ከተማ ለልምምድ ስትመላለስ ነው። ገና በመጀመሪያው ቀን «አንቺማ አትከፍዪም፤ ጎማ ሲተነፍስብኝ ክሪክ ሆነሽ ታነሺልኛለሽ» አላት። ሳቀች። ከዚያ ወዲያ ሌላ ባጃጅ ተሳፍራ አታውቅም።

አሁን ግን ጉድ ፈላ። ስድስተኛው ግጥሚያ ቅዳሜ ነበር፤ የሳምሶን ሽማግሌዎች ደግሞ በማግስቱ እሑድ አባቷ ቤት ይመጣሉ። ግራ ዓይኗ እንደ በሰለ ቲማቲም አብጧል። አባቷ ጋሽ ሙሉዓለም፣ ጡረታ የወጡ አስተማሪ፣ የቡጢ ነገር በቤታቸው እንዲነሳ አይፈልጉም።

«መላ አለኝ» አለ ሳምሶን፣ ባጃጁን ደጃፏ አቁሞ። «ተገልብጠን ነው እንላለን። መንገዱ ጉድጓድ አለበት፣ አንድ ፍየልም እጨምርበታለሁ...»

«ባጃጅ ነው የመታኝ ልበል?»

«ለዛሬ ብቻ፣ የኔ ቆንጆ።»

«ስማ! ስድስት ሴት እኔን መጣል አቅቷቸው፣ ባለሦስት እግር ቆርቆሮ አሸነፈኝ አልልም!»

ሳምሶን ጠጋ አለ። ያበጠውን ዓይኗን አየ።

«ያምሻል?»

«እንደዚህ ስታየኝ ብቻ።»

ሽማግሌዎቹ መጥተው ሳሎን ቆሙ፤ እሺ ሳይባሉ አይቀመጡም። ፌቨን ጓዳ ቆዪ ተብላ ነበር። ወጣች።

«ልጄ፣ ማነው እንዲህ ያደረገሽ?» አሉ አንጋፋው ሽማግሌ ጋሽ ተፈራ፤ ዓይናቸው አባቷ ላይ አረፈ። ጋሽ ሙሉዓለም አንገታቸውን ደፉ።

«ማንም ቤት ውስጥ እጁን አላነሳብኝም» አለች። «ትናንት ተጋጥሜ ነው፤ አሸንፌያለሁ። አግብቼም እጋጠማለሁ። የማይሆን ከሆነ አሁኑኑ ይነገረኝ።»

ጋሽ ተፈራ ጋቢያቸውን ሰብስበው ወደ በሩ ዞሩ።

በወጉ አግቢው እዚያ ድርሽ አይልም። ሳምሶን ግን ከደጅ ዘሎ ገባ።

«እውነቷን ነው! እኔም የምፈልጋት ከነጓንቷ ነው!»

«ብትመታህስ?» አሉ ጋሽ ተፈራ።

«እስካሁን የተረፍኩት ስለምትወደኝ ነው፣ ጋሼ!»

ጋሽ ሙሉዓለም ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ስለ ግጥሚያ አንድም ቀን ጠይቀዋት አያውቁም።

«ያችኛዋስ?»

«ሦስተኛው ዙር ላይ ቁጭ አለች፣ አባዬ። አልተነሳችም።»

የአባቷ የከንፈር ጫፍ ተንቀጠቀጠ፤ ሳቃቸውን ዋጥ አደረጉት። ወደ ሽማግሌዎቹ ዞሩ።

«በሉ፣ እናንተም ቁጭ በሉ።»

እልል ማለት የቀራቸው ሽማግሌዎች ተቀመጡ። ሳምሶንም ወንበር ሳብ ሲያደርግ የአስተማሪው ጣት ተቀሰረበት።

«አንተ ሳትጠራ ነው የገባኸው። ቆመህ ትጠብቃለህ!»

ፌቨን ሄዳ አጠገቡ ቆመች።