መቶ ከመቶ

«ጩጬ፣ አሁንም ‹ቁልፍ› ነው የሚለኝ» አላት ወንድሟ በስልክ። «ቁልፍ፣ ቁልፍ፣ ቁልፍ... ዘጠኝ ቆጠርኩ። የቱ ነው ‹ላክ› የሚለው?»

ልጅቷ ከትምህርት ቤቱ ኮምፒውተር ክፍል ሆና የግድግዳውን ሰዓት አየች። ለአስራ አንድ ስምንት ደቂቃ ጉዳይ። ልክ በአስራ አንድ የዚሁ ትምህርት ቤት የማታ ትምህርት ምዝገባ ይዘጋል። ወንድሟ ዓይነ ስውር ነው፤ ድረ ገጹን ስልኩ ጮክ ብሎ ያነብለታል። ትናንት በአካል ሄዶ ነበር። መዝጋቢዋ ቀና እንኳ ሳትል «በድረ ገጽ ብቻ!» ብላ መስኮቱን ዘጋችበት። መስኮት መዝጋት ሲያውቁበት!

በእሷ ስክሪን ላይ «ላክ» ሦስተኛው ነው።

«ሦስተኛውን ንካው እስቲ፣ ጋሽዬ።»

ነካው።

«ጠፋ» አላት። «የሞላሁት ሁሉ ድራሹ ጠፋ። ስልክ ላይ ተራው ሌላ ነው መሰለኝ።» ሊስቅ ሞከረ። «ቀልደኛ ድረ ገጽ ነው ያላችሁ።»

ዘጠኙንም «ቁልፍ» ያለቻቸው ራሷ ናት። ባለፈው ወሰነ ትምህርት ድረ ገጹን የሚያሠራት የኮምፒውተር መምህሯ «ማየት ለተሳናቸው የሚነበብ ስም የሌለው ነገር ካለ ድረ ገጹን የሚፈትሸው መለኪያ ፕሮግራም ቀይ ያሳያል፤ አረንጓዴ አድርጊልኝ» ሲላት፣ ሁሉም ላይ አንድ ቃል ለጥፋ ወጣች። መለኪያው መቶ ከመቶ ሰጠ። መምህሩ ተሸለመ፣ ለእሷም ተጨበጨበላት። ወንድሟን የጠየቀው የለም። እሷም አልጠየቀችውም።

«ከዚህ ልሙላልህ?»

«በአምስት ደቂቃ? ተይው ባክሽ። ለከርሞ ያድርሰን።»

ስልኩን ዘጋው። እሷ ግን ጀመረች። ሁለተኛው ገጽ ላይ ስትደርስ «ምዝገባ ተጠናቋል» የሚል ጽሑፍ መጣ።

መምህሩ በበሩ ብቅ አለ። «የወሩ ልኬት አለቀ? ዳይሬክተሩ እየጠበቁ ነው። መቶ ነው አይደል?»

«መቶ ነው፣ ቲቸር።»

«ጀግና!» ብሎ ሄደ።

በወንድሟ ስልክ ሦስተኛ ሆኖ የመጣው ላይ የጻፈችውን «ቁልፍ» ሰርዛ «ሁሉንም አጥፋ» አለችው። መለኪያውን ደግማ አስነሳችው። መቶ። ንቅንቅ አላለም።

ለዳይሬክተሩ ከሚሄደው ሪፖርት ግርጌ «የሞከረው ሰው» የሚል መስመር አለ፤ በየወሩ ባዶውን ነው የሚላከው። ልጅቷ ጠቋሚውን መስመሩ ላይ አሳረፈች። ከዚያ ጻፈች፦

«ወንድሜ። አልቻለም። ቁልፎቹን የሰየምኳቸው እኔ ነኝ።»

ሙሉ ስሟን ከሥሩ አስገብታ፣ መምህሩ ሳይመለስ ላከችው።