ሁለት ወይስ ሰባት?

አራሚት የዐሥር ዓመት ልጅ ናት። እናትና አባቷ ያወጡላት ስም ይህ አይደለም፣ ልጆች። ሰው ሲሳሳት ሳታርም ማለፍ ስለማይሆንላት ሰፈሩ ያወጣላት ቅጽል ስም ነው። የምትኖረው ከአባቷ የመጽሐፍ መጠረዣ ቤት ጀርባ ነው። ቤታቸው ሁልጊዜ ሙጫ ሙጫ ይሸታል። አባቷ መጻሕፍት ይጠርዛል፤ እትዬ የምትላቸው ሴት ደግሞ የተገነጠሉ ገጾችን በመርፌና በክር ይሰፋሉ፤ የጠፉ የገጽ ቁጥሮችንም በብዕር ይጽፋሉ።

አራሚት ስለ ኖኅ መርከብ የሚተርክ ባለ ሥዕል መጽሐፍ ነበራት። እንስሳቱ ሁለት ሁለት ሆነው ይገባሉ። ሁለት በግ፣ ሁለት ዝሆን፣ ሁለት ጦጣ። እሷም ከዳር እስከ ዳር በቃሏ ትወጣዋለች።

ዓርብ ጠዋት አንድ ሽማግሌ መምህር ጀርባው የተገነጠለ ወፍራም መጽሐፍ ይዘው መጡ። ሊቃውንት ስለ ኦሪት ዘፍጥረት የጻፉት ማብራሪያ ነው።

«እሑድ ልጆችን የማስተምርበት ነው» አሉ። «ሌላ ቅጂ የለኝም። አደራ!»

ከሰዓት በኋላ አባቷ ክር ሊገዛ ወጣ። እትዬ ጓሮ ሙጫ ያሞቃሉ። አራሚት ጠረጴዛው ላይ የተዘረጋውን ገጽ ማንበብ ጀመረች። ብዙው አልገባትም። አንድ ነገር ግን ገባት፦ ወደ ኖኅ መርከብ ከንጹሕ እንስሳት ሰባት ሰባት ገቡ ይላል።

«ሰባት?» አለች። «እነዚህ ሊቃውንት መቁጠር አይችሉም እንዴ?»

እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጉ ነበር? ትጠይቁ ነበር አይደል? እሷ ግን አልጠየቀችም። የእትዬን ብዕር አነሣች። «ሰባት» የሚለውን ሠርዛ «ሁለት» ብላ ጻፈች። አንዴ ብቻ አይደለም፤ ሦስት ቦታ!

ከዚያ እርግጠኛ ለመሆን መጽሐፍ ቅዱስ ገለጠች። ዘፍጥረት ምዕራፍ ስድስት ላይ ሁለት ሁለት ይላል። «ብዬ ነበር!» አለች። ቀጥላ ምዕራፍ ሰባትን አነበበች። እዚያ ደግሞ ሰባት ሰባት ይላል።

ወደ ኋላ ተመለሰች። ሁለት። ወደ ፊት ሄደች። ሰባት። ጭንቅላቷ ዞረባት። ሥዕሉ ዋሽቷል? ወይስ ሊቃውንቱ ልክ ናቸው? ሁለቱም ልክ ከሆኑ በጎቹ ስንት ናቸው? የሠረዘችው ገጽ ላይ ሌላ ገጽ ደረበችበትና ወጥታ ሄደች። ያን ቀን እራቷን እንኳ በቅጡ አልበላችም።

በማግስቱ መምህሩ መጡ። መጽሐፉን ገለጥ ገለጥ አደረጉና ፊታቸው ተለዋወጠ።

«ምነው? ይሄን ማን ነካካው?»

አባቷ አየና ደነገጠ። ወደ እትዬ ዞረ።

«የጠፉ የገጽ ቁጥሮችን በብዕር የሚጽፉት እርስዎ ነዎት! የሰው አደራ አበላሹብኝ። ከሰኞ ጀምሮ እንዳይመጡ!»

«ኧረ እኔ አልነካሁም፣ ልጄ» አሉ እትዬ።

አባቷ ተሳስቷል። አራሚት ይህን ታውቃለች። ለማረም ግን አፏ አልከፈት አለ። እትዬ መቀሳቸውን በጨርቅ ጠቅልለው ሊወጡ ሲነሡ ግን በሩ ላይ ቆመችባቸው።

«እኔ ነኝ!» ብላ ጮኸች። «እኔ ነኝ የሠረዝኩት! ስህተት መስሎኝ ነው። አሁን ግን ምንም አልገባኝም!»

አባቷ አንገቱን ደፋ። «እትዬ፣ ይቅር ይበሉኝ። ሳላጣራ ፈረድኩብዎት» አለ። አራሚት ደግሞ እግራቸው ሥር ተንበርክካ አለቀሰች። እትዬ አነሧትና እንባዋን በሻሻቸው ጠረጉላት።

መምህሩ ወንበር ስበው ተቀመጡ። «ነይ እስቲ። ምኑ ነው ያልገባሽ?»

«ሁለት ነው ወይስ ሰባት፣ አባባ?»

«ከሁሉም ሁለት ሁለት፣ ከንጹሖቹ ግን ሰባት ሰባት ነው የሚሉ አሉ። ሁለት የቆዩ ትረካዎች ጎን ለጎን ተቀምጠው ነው የሚሉም አሉ። እኔ አርባ ዓመት አንብቤዋለሁ፤ ዛሬም አንዳንዴ ግራ ይገባኛል።»

«እርስዎም?»

«እኔም! ግራ ሲገባኝ እጠይቃለሁ እንጂ አልሠርዝም።»

ያን ቀን ከመምህሩ ጋር ተቀምጣ፣ የሠረዘቻቸውን ቃላት በትንንሽ ወረቀት እየጻፈች በቦታቸው ለጠፈች። እሑድ መምህሩ ሁለቱንም ምዕራፍ ለልጆቹ እንድታነብ አደረጓት። አንብባ ስትጨርስ ከኋላ አንዲት ትንሽ ልጅ እጇን አወጣች።

«ዓሦቹስ ስንት ስንት ገቡ?»

ክፍሉ በሳቅ አውካካ። አራሚት ወደ መምህሩ አየች፤ መምህሩም ወደ እሷ አዩ።

«እኔ እንጃ» አለች አራሚት። «ነይ፣ አብረን እንፈልግ።»

ልጆቼ፣ ያልገባችሁን ጠይቁ እንጂ አትሠርዙ፤ ስታጠፉም ጥፋታችሁን ሌላ ሰው እንዲሸከምላችሁ አትፍቀዱ።