አራት መስመር

«ዳቦ ገዝቼ እስክመጣ ማንም እንዳይነካው!» አለና አባቷ በሩን ዘግቶ ወጣ።

ማንም ማለት እሷው ናት። እናቷ ነርስ ስለሆነች ዛሬ ሆስፒታል ተረኛ ናት፤ ቤት ውስጥ ሌላ ነፍስ የለም። ፍንጭቷ የሒሳብ ደብተሯን ገፋ አድርጋ የአባቷን ኮምፒውተር ተመለከተች። ፍንጭቷ የሚሏት ከፊት ጥርሶቿ መሀል ባለው ክፍተት ነው፤ የመዝገብ ስሟን የሚጠራው የክፍል ኃላፊዋ ብቻ ነው፣ እሱም ሲቆጣ።

ስክሪኑ ላይ ዘጠኝ አጫጭር መስመሮች ተደርድረዋል። ሰባቱ አረንጓዴ፣ ሁለቱ ቀይ። ከሦስት ቀን በፊትም ሰባቱ አረንጓዴ፣ ሁለቱ ቀይ ነበሩ።

ሥራውን የላከው ፕሮግራመር የሚፈልግ አንድ ድርጅት ነው። ከብዙ ሱቆች ትዕዛዝ ተቀብሎ መጋዘን ውስጥ ካለው ዕቃ ላይ የሚቀንስ ፕሮግራም መጻፍ፣ ዘጠኙን መፈተኛ በሙሉ አረንጓዴ ማድረግ፣ ከዚያ እስከ ዛሬ አስራ ሁለት ሰዓት መላክ። አሁን አስራ አንድ ተኩል ሆኗል። አባቷ ከጠዋት ጀምሮ ከኢንተርኔት ያገኘውን ሁሉ ሲያስገባ፣ ሲያወጣ፣ እንደገና ሲያስገባ ውሏል። ዳቦውም ሰበብ ነው። ዳቦ ቤት ውስጥ አለ።

ይህ ሰው አስራ ስምንት ዓመት ሙሉ በአንድ የመኪና መለዋወጫ አስመጪ ቤት ፕሮግራመር ነበር። የመጋዘኑን ፕሮግራም ከመጀመሪያዋ መስመር እስከ መጨረሻዋ የጻፈው እሱ ነው። ስልኩ ራት ላይ ይጮሃል፤ «ቆመብን፣ ድረስልን!» ይሉታል፤ እሱም በአፉ እየተነጫነጨ በዓይኑ እየሳቀ ጫማውን ያደርጋል። እናቷ «ጣውንቴ ጠራችህ» ትለው ነበር። ከዚያ ድርጅቱ አዲስ ፕሮግራም ገዛ። አባቷ የምስጋና ደብዳቤና አንድ የግድግዳ ሰዓት ይዞ ቤት ገባ። ይኸው ስምንት ወሩ። አሁን ስልኩ ጠረጴዛ ላይ እንደታመመ ሰው ይተኛል፤ ቢጮህም ማስታወቂያ ነው።

ፍንጭቷን ያስከፋት ግን የስልኩ ዝምታ አይደለም። ኮድ መጻፍ ያስጀመራት እሱ ነው። የስምንት ዓመት ልጅ ሳለች አጠገቡ አስቀምጧት «ኮምፒውተር ማለት በጣም ታዛዥ፣ በጣም ደደብ ሠራተኛ ነው፤ ያላልሽውን አያደርግም፣ ያልሽውን አይተውም» ያላት እሱ ነው። ያን ጊዜ ሲያስረዳ ድምፁ ሞቅ፣ እጁ ወዲህ ወዲያ ይል ነበር። አሁን ጥያቄ ስትጠይቀው «እኔ እንጃ፣ እናንተ በክለባችሁ ብትጠያየቁ ይሻላል» ይላታል፤ ፊቱንም አያዞርም። ያ ድምፅ የት እንደገባ አታውቅም። ሰው አንድ ቤት ውስጥ እያለ እንዴት ይናፍቃል?

ወደ ስክሪኑ ጠጋ ብላ ኮዱን አነበበች። ስህተቱ ወዲያው ታያት። የትምህርት ቤቱ የኮምፒውተር ክለብ ከሁለት ሳምንት በፊት የተማረው ይህንኑ ነው። ፕሮግራሙ መጋዘኑን «ስንት ዕቃ ቀረ?» ብሎ ይጠይቅና መልሱ ሳይመጣለት ወደ ቀጣዩ መስመር ያልፋል። ሁለት ሱቆች በአንድ ጊዜ ከጠየቁ አንዱን ዕቃ ለሁለቱም ይሸጠዋል። የሚያስፈልገው አንዲት ቃል ናት፤ «ጠብቅ» እንደማለት ያለች።

ቃሏን አራት መስመር ላይ አስገባች። ከአንድ ደቂቃ በላይ አልፈጀባትም። ከዚያ እንደሌባ ተንሸራታ ወደ ሒሳብ ደብተሯ ተመለሰች።

አባቷ ገባ። ዳቦውን አስቀመጠ፣ እጁን በሱሪው ጠረገ፣ ተስፋ እንደቆረጠ ሰው አንድ ጣቱን ሰድዶ ተጫነ። አንድ አረንጓዴ። ሁለት። ሦስት። ዘጠኝ።

ከዚያ ወንበሩን በቂጡ ገፍትሮ ተነሳ። «አየሽ? አየሽልኝ? ከመውጣቴ በፊት ቀያይሬው ነበር እኮ! የቱ እንደሠራ እንኳ አላውቅም!» ወገቧን ይዞ ከመሬት አነሳት። አስራ አምስት ዓመቷ ነው፤ ካነሳት ስንት ጊዜው።

አፏን ከፈተች። ልትነግረው ነበር፤ በምትኩ አንገቱን አቀፈችው።

በማግስቱ አባቷ ሲላጭ አንጎራጎረ። እናቷ ከመኝታ ቤት አንገቷን ብቅ አድርጋ ፍንጭቷን በዓይኗ «ሰማሽው?» አለቻት። ሁለቱም እንዳይቋረጥ ብለው ዝም አሉ።

በአራተኛው ቀን ስልኩ ጮኸ፤ ማስታወቂያ አልነበረም። የላኩትን ወደነዋል፤ ረቡዕ ሦስት ሰዓት ላይ መጥተው ለሁለት ባለሙያዎቻችን ኮድዎን መስመር በመስመር ያስረዱልን፣ አሉት። እናቷ ነጩን ሸሚዝ ሁለት ጊዜ ተኮሰችው። ፍንጭቷ ራት አልበላ አላት።

ሰኞ ዕለት ነገሩን ለጓደኛዋ አወጣችው። ጓደኛዋ ሬድዮ ትባላለች፤ ክፍል ውስጥ ዝም ብላ ስለማታውቅ ነው። ያን ቀን ግን እስከ መጨረሻው አዳመጠች።

«በቃ፣ ይህች ናት ያጨናነቀችሽ?» አለች ሬድዮ። «ፋራ አትሁኚ። ቃሏን አስተምሪው። ‹አባዬ፣ ክለብ የተማርነውን ላሳይህ› በዪና አስረጂው። ረቡዕ ሲጠይቁት ይመልሳል። ማን ሊያውቅ?»

«እኔ አውቃለሁ።»

«አንቺማ ብታውቂ ምን አለበት? ሰውየው ሥራ ይግባ እንጂ!»

አቦ፣ እውነቷን ነው፣ አለች ፍንጭቷ በልቧ። ቀኑን ሙሉ ይህን እያሰበች ቀለል አላት።

ማክሰኞ ከትምህርት ቤት ስትመለስ አባቷ ነጩን ሸሚዝ ለብሶ፣ ከሥር የቤት ቁምጣውን እንደታጠቀ፣ መኝታ ቤት መስታወት ፊት ቆሟል።

«ጥሩ ሰዓት መጣሽ። ነይ ተቀመጪ፤ አንቺ ጠያቂ ነሽ። ፊትሽን ኮስተር አድርጊ።»

አልጋው ላይ ተቀምጣ ኮስተር አለች። ኮምፒውተሩን ኮመዲኖ ላይ ከፍቶ ጀመረ። ትዕዛዙ በየት እንደሚገባ፣ የተሳሳተ ቁጥር ሲመጣ ፕሮግራሙ እንዴት እንደሚመልሰው፣ ዕቃ ካለቀ ምን እንደሚል። «መጋዘን ውስጥ ትልቁ ውሸታም ማን እንደሆነ ታውቂያለሽ? ወረቀቱ ነው። ወረቀቱ አስር አለ ይላል፤ ሄደሽ ስትቆጥሪ ሰባት ነው። ስለዚህ እኔ ወረቀት የማያምን ፕሮግራም ነው የጻፍኩት!» እጁ ወዲህ ወዲያ ይላል። ድምፁ ሞቋል። ፍንጭቷ ኮስታራነቷን ረስታ አፏን ከፍታ ታዳምጠው ጀመር። ይህ ሰዓት ባያልቅ ብላ ተመኘች።

ከዚያ ቃሏ ላይ ደረሰ።

«እዚህ ጋ ደግሞ... » አለና ቆመ። ዓይኑን ጠበብ አደረገ። «እዚህ ጋ መጋዘኑን ይጠይቃል። ይቺ ቃል... ይቺ እንግዲህ፣ እንዲሠራ ያደርገዋል።» ጉሮሮውን ጠረገ። «ወደሚቀጥለው እንለፍ።»

«አባዬ፣ ክለብ ውስጥ ተምረናታል» አለች ፍንጭቷ፤ ድምፅዋ የሌላ ሰው መሰላት። «ላስረዳህ?»

ተቀመጠ። አስረዳችው። ደብተሯ ላይ ሁለት ሱቅና አንድ መጋዘን ሳለችለት፤ ጥያቄው ሲሄድ፣ መልሱ ሲዘገይ፣ ፕሮግራሙ ሳይጠብቅ ሲያልፍ በቀስት አሳየችው። ስዕሉን ሳትጨርሰው ጭኑን በጥፊ መታ።

«አሃ! እኔ የኖርኩበት ቋንቋ ማንም ሳይነግረው ይጠብቅ ነበር! አንዱ መስመር ሳያልቅ ሌላው አይጀምርም። አስራ ስምንት ዓመት እኮ እንደዚያ ነው ያሰብኩት!» ተነስቶ ወዲያ ወዲህ ተንጎራደደ። ፊቱ እንደ ልጅ ፊት በራ። «እንግዲህ እኔ ሳላውቀው ገብቶኝ ነበር ማለት ነው። እጄ ከጭንቅላቴ ቀድሞ ተምሯል! እኔ ደግሞ ስምንት ወር ያነበብኩትን ውኃ የበላው መስሎኝ... ያረጀ ጭንቅላት አይቀበልም ብዬ፣ ስንት ቀን መሰለሽ በሆዴ...»

አልጨረሰውም። ሸሚዙን አስተካክሎ ወደ መስታወቱ ዞረ።

ሬድዮ የነገረቻት ዘዴ ያለቀው እዚህ ላይ ነው። ከዚህ ወዲያ ዝም ማለት ብቻ ነበር የቀራት።

«እኔ ነኝ ያስገባኋት» አለች።

ፈገግታው ከፊቱ ላይ ቶሎ አልወረደም፤ ያልሰማ መሰለ። «ምኗን?»

«ቃሏን። ዳቦ ልትገዛ ስትሄድ።»

«ስንት ቦታ?»

«አራት መስመር ላይ።»

አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ አለ። ነጩ ሸሚዝና የቤት ቁምጣው ድንገት አሳዛኝ ሆኑ። ይቆጣል ብላ ነበር፤ ቢቆጣ ይሻላት ነበር።

«ለምን?» አላት ቀስ ብሎ።

ልትለው ያዘጋጀችው ብዙ ነበር፤ ሰዓቱ ሊያልቅ ነበር፣ አሳዘንከኝ፣ አንዲት ቃል ብቻ ናት። የወጣው ግን ሌላ ነው። «ናፍቀኸኝ ነው።»

«እዚሁ ነበርኩ እኮ።»

«አውቃለሁ። ግን ናፍቀኸኝ ነበር።»

ሱሪውን ለብሶ ወጣ። የውጭው በር ሲዘጋ ሰማች። አንድ ሰዓት ያህል ቆየ። እሷም ከአልጋው ሳትነሳ፣ የሳለቻቸውን ሁለት ሱቆች እያየች ቆየች።

ሲመለስ በሩ መቃን ላይ ተደግፎ ቆመ። «እኔም ናፍቆኛል፣ ያ ሰውዬ» አላት። «በቀደም ቃሏን አይቻት ነበር። ‹ይቺ ያንተ አይደለችም› አለኝ ልቤ። ሁለተኛ እንዳላያት ዓይኔን አዞርኩ። ስለዚህ ጥፋቱን ለብቻሽ አትሸከሚው። ግን ሁለተኛ እንዳይለምድሽ፤ ሰምተሻል?»

«ሰምቻለሁ።»

«ነገ እሄዳለሁ። የኔን ኮድ ይዤ፤ ሁለቱ ቀይ እንደሆኑ።»

ረቡዕ ፍንጭቷ ትምህርት ቤት አካሏ እንጂ ልቧ አልነበረም። ማታ እናቷም ቀድማ ገብታ ነበር፤ አባቷ ጫማውን እያወለቀ ለሁለቱም ነገራቸው። ገና ሳይቀመጥ «የላክሁላችሁ ላይ አራት መስመር የልጄ ነው፤ የኔ ይኸው» ብሏቸዋል። ወጣቱ ባለሙያ «እንግዲያው ልጅዎን ይላኩልን» ብሎ ስቋል። ቢሆንም አላሰናበቱትም፤ አንድ ሰዓት ተኩል ሲጠይቁት፣ ስለ መጋዘኑ ወረቀትም ሲያወራላቸው ቆየ። በመጨረሻ ሁለተኛዋ ባለሙያ፣ አንዲት ሴትዮ፣ እስከ በሩ ሸኘችው። «የምንፈልገው ነገ የሚጀምር ሰው ነው» አለችው። «እርስዎ ደግሞ ገና መማር ያለብዎት አለ።» ምን ምን እንደሆነም ጠይቋት ሦስት ነገር በወረቀት ላይ ጻፈችለት።

«ተመልሰህ ና አለችህ?» አለች እናቷ።

«አላለችም።»

እናቷ ወረቀቱን ተቀብላ ምንም ሳይገባት አገላብጣ አየችው። «ታዲያ ተማራ! ሰው በሃምሳ ዓመቱ ሚስት ያገባ የለ? አንተ ገና አርባ ስምንትህ ነው።»

«ሚስት ፈተና አትፈትንም።»

«ማን ነገረህ?» አለች፤ ሦስቱም ሳቁ። ሳቁ ግን ቶሎ አለቀ። የዚያን ሳምንት ማንም ሲላጭ አላንጎራጎረም።

ከሦስት ሳምንት በኋላ አባቷ አንድ ማሠልጠኛ ተመዘገበ። ትምህርቱ እሑድ ጠዋት ነው። ሕንፃውን ስለምታውቀው አብራው ሄደች፤ ሁለተኛ ፎቅ፣ የመስታወት በር ያለው ክፍል። ውስጥ ያሉት ሁሉ የሃያ፣ የሃያ ሁለት ዓመት ወጣቶች ናቸው፤ ግማሾቹ ጆሮአቸው ላይ ማዳመጫ ሰክተዋል። በሩ አጠገብ የነበረው ልጅ አባቷን ሲያይ ማዳመጫውን ነቅሎ ብድግ አለ።

«ይግቡ፣ መምህር።»

«ተማሪ ነኝ» አለ አባቷ። ልጁ ደነገጠ፤ አባቷ ይበልጥ ደነገጠ። አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ብሎ ወደ ፍንጭቷ ዞረና ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«አብረሽኝ ግቢ። ኋላ ወንበር አለ፤ ማንም ምንም አይልሽም። ያልገባኝን ሹክ ትይኛለሽ።»

መግባት እንዴት አማራት! ባዶዎቹን ሁለት ወንበሮች ጎን ለጎን አይታቸዋለች። አጠገቡ ተቀምጣ፣ የሚሰማውን እየሰማች፣ ግራ ሲገባው ክርኑን ነካ ብታደርገው ምን ነበረበት?

«አይ፣ አባዬ» አለች። «አንተ ግባ።»

አያት። ከዚያ የቦርሳውን ማንገቻ ትከሻው ላይ አስተካክሎ ገባ። የመስታወቱ በር ቀስ ብሎ ከኋላው ተመለሰ።

ደረጃውን መውረድ ጀመረች። ግማሽ መንገድ ላይ ስትደርስ ከላይ ድምፁ ተሰማ። «ይቅርታ፣ ከመጀመራችን በፊት አንድ ጥያቄ ልጠይቅ?» ከዚያ የወንበሮች መንቋቋት፤ ከዚያ ጥያቄው፣ ቃሉ ያልተለየ።

የደረጃውን መደገፊያ እንደያዘች ቆመች። ምን ብሎ እንደጠየቀ፣ ምን ብለው እንደመለሱለት ማወቅ ፈለገች፤ ሦስት ደረጃ ብቻ ብትወጣ ይሰማት ነበር። እጇን ከብረቱ ላይ አነሳችና ወርዳ ወደ ውጭ ወጣች።