የሰኔ ሠላሳ ፎቶዎች

የአስማረ እንጀራ የተራራቁ ሰዎችን ጎን ለጎን ማቆም ነበር። ደሴ አራዳ ላይ፣ ከጫማ መደብሩ በላይ ወዳለችው ጠባብ ፎቶ ቤቱ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ይገባል፤ መስኮቱን ከፍቶ የታመቀውን የማተሚያ ቀለምና የእርጥብ ምንጣፍ ሽታ ያስወጣል፤ ኮምፒውተሩ እስኪነሳለት ድረስ እጁን ብብቱ ውስጥ ከቶ ጭጋጉ ከጦሳ ተራራ ላይ ቀስ እያለ በቆርቆሮዎቹ ላይ ሲወርድ ያያል። ከዚያ ሰዎች ይመጣሉ። አንዱ ዱባይ ያለ ወንድሙን በስልኩ ይዞ ይመጣና እናታችን ጎን አቁምልኝ ይላል፤ ሌላዋ ከመታወቂያ ላይ የተላጠ የሟች አባቷን ጉርድ ፎቶ በሶፍት ጠቅልላ ታመጣና ሠርጌ ላይ ይገኝልኝ ትላለች። አስማረ ሁሉንም እሺ ይላል። እምቢ ማለት ከሥራው ይበልጥ ያደክመዋል።

ሥራው ለማያውቀው ቆርጦ መለጠፍ ይመስላል። እንደዚያ የሚሠሩ ጀማሪዎች አሉ፤ እነሱ ያስገቡት ሰው ከቤተሰቡ መሀል ግድግዳ ላይ እንደተለጠፈ ማስታወቂያ ነው የሚታየው። አስማረ ግን መጀመሪያ የሰውዬውን ቁመት ይጠይቃል፤ ፎቶው ውስጥ በር ወይም ወንበር ካለ በእሱ ይለካዋል። ካሜራው ከምን ከፍታ ላይ ሆኖ እንዳየውም ይመረምራል፤ ምክንያቱም ከታች ወደ ላይ የተነሳ ሰው ፊት ለፊት ከተነሱት መሀል ሲገባ፣ መጠኑ ልክ ቢሆን እንኳ ሁሉንም ቁልቁል የሚያይ ይመስላል። ብርሃኑ በየት በኩል እንደመጣ ማየት ደግሞ አለ። ይህ ሁሉ ሲገጥም እግሩ ሥር ጥላ ያደርግለታል፤ ያን ጊዜ ሰውዬው መሬት ይረግጣል፤ ደንበኛዋም ዓይኗን ትጠራርጋለች፤ አስማረም ቀጣዩን ይጠራል።

ለራሱ ቤት ሲሆን ግን እንዲህ አልተጠነቀቀም። ሚስቱ አያልነሽ ቤይሩት ለሥራ ስትሄድ ልጃቸው ሶስና አምስት ዓመቷ ነበር። በዚያው ዓመት ሰኔ ሠላሳ ትምህርት ቤቱ ካርድ ሰጥቶ ልጆቹን ሲያሰናብት፣ ሶስናን ዩኒፎርሟን እንደለበሰች ቤታቸው በር ላይ አቁሞ አነሳትና እናቷን ጎኗ አስገባላት። የሚሆን ፎቶ የነበረው አንድ ብቻ ነው፤ አያልነሽ ፓስፖርቷን የተቀበለች ቀን ደረጃ ላይ ቆማ፣ እሱ ከታች ሆኖ ያነሳት። ብርሃኑ ከግራዋ ይመጣል። ግራ እጇ ከአንጓው በታች ከፎቶው ጠርዝ ውጭ ቀርቷል። በመጠን ሊያቆማት ሲል ግን ተቸገረ፤ ራሷ የበሩ ጉበን ጋ ይደርስ ነበር ወይስ ዝቅ ይል ነበር? ስምንት ዓመት አብሯት የኖረ ሰው ይህን ማስታወስ አቃተው፤ አፈረም። ያን ቀን ሠላሳ ሁለት የተማሪ ፎቶ ሠርቶ ደክሞት ስለነበር ናፍቆቱ በነገረው ልክ፣ ራሷ ጉበኑን እስኪነካ ድረስ ትልቅ አድርጎ አቆማትና የጎደለውን እጅ ከልጅቷ ጀርባ ደበቀው። ሶስና ወደደችው። በየዓመቱ ሰኔ ሠላሳ ያንኑ ደገመው፤ አምስት ፎቶ ከአልጋው በላይ ተሰቀለ።

ከዘንድሮ ሚያዝያ ጀምሮ የአያልነሽ ስልክ አይሠራም። ደላላው ትደውላለች፣ አትጨነቅ ይላል፤ አብረዋት የሄዱት ልጆች አላየናትም ይላሉ። አስማረ ለሶስና እናትሽ ሥራ በዝቶባት ነው እያለ አራት ወር አለፈ። በነሐሴ አጋማሽ፣ ዝናቡ ከጠዋት ጀምሮ ቆርቆሮውን ሲወቅጥ በዋለበት ቀን፣ አስር ሰዓት ላይ ሥራውን ዘግቶ ቢመለስ አያልነሽን ሳሎኑ መሀል ቆማ አገኛት። ሻንጣ አልያዘችም። ሶስና ወገቧ ላይ ተጠምጥማ ትስቃለች፣ ታለቅሳለች።

«መጣሁ» አለችው አያልነሽ።

«ምነው ሳትደውዪ?»

«ደክሞኝ ነው።»

አቀፋት። ገና ከማተሚያው የወጣ ወረቀት ሽታ ሸተተው፤ የራሱ ሸሚዝ ይሆናል ብሎ ተወው። ደስታው እንባ ሆኖ ሲመጣ ወደ አንገቷ ጎንበስ ሊል ፈልጎ፣ ጎንበስ ማለት እንደማያስፈልገው ዘግይቶ ገባው።

ጎረቤታቸው እትዬ ዘሃራ በማግስቱ እንኳን ለአገርሽ አበቃሽ ሊሉ መጡ። ብዙም ሳይቀመጡ ተነሱ። አስማረ እስከ ግቢው በር ሲሸኛቸው ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ቆም አሉ።

«አስማረ፣ አያል እንዲህ ረጅም ነበረች እንዴ?»

«ጫማዋ ነው፣ እትዬ።»

አያልነሽ ባዶ እግሯን ነበረች።

ከዚያ በኋላ ዓይኑ አላርፍ አለ። የዓመታት ልማድ ነው፤ ሰው ሲያይ ጥላውን፣ ብርሃኑንና መጠኑን ሳያስብ ይለካል፤ እቤቱ ሲገባ ይህን ዓይን አውልቆ የሚያስቀምጥበት ቦታ አልነበረውም። አያልነሽ ከጓዳ ወደ ሳሎን ስታልፍ ጉበኑ ሥር አንገቷን ትሰብራለች፤ በዚያች ቅጽበት እንደ ደረቅ ካርቶን የሚንቋቋ ድምፅ ይሰማዋል። አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጣ እሱ ከፊቷ ሲቆም እንኳ ሽቅብ የሚያያት ይመስለዋል፤ የአገጯ ሥር ይታየዋል። የሳሎኑ መስኮት በቀኝ በኩል ነው፤ ፊቷ ግን ሁልጊዜ የሚበራው በግራ ነው። አንድ አመሻሽ መብራት ሲጠፋ፣ ቤቱ የረጠበ ጭቃና የላምባ ሽታ ብቻ ሆኖ፣ ሶስና ሻማ ፍለጋ እየተደናበረች ሳለ፣ ከጨለማው ውስጥ የአያልነሽ ግራ ጉንጭ ለብቻው ፈዘዝ ብሎ ታየው። ክብሪት ሲጭር ሁለት እንጨት ሰበረ።

ግራ እጇን አላየም። በቀኟ ብቻ ታጥባለች፣ በቀኟ ብቻ ትከትፋለች፤ ግራው ሶስና ጎኗ ስትሆን ከሶስና ጀርባ ነው፤ ሶስና ስትርቅ በነጠላዋ ውስጥ ነው። ሶስናም አትርቅም ነበር። ሱቅ ስትላክ እንኳ ትከሻዋን አንድ ነገር እንደተጫናት ቀጥ አድርጋ ትሄዳለች።

«እማዬ ግራ እጇን አሳይታሽ ታውቃለች?» ብሎ አንድ ቀን በቀስታ ጠየቃት።

«እጇ እኮ እኔ ጋ ነው፣ አባዬ» አለችውና ማስቲካዋን ማኘክ ቀጠለች።

የፈራው ለራሱ አልነበረም። ለራሱማ ቢሆን በጣም ደክሞት ስለነበር፣ ማታ ሲገባ ትኩስ ወጥ የሚያቀርብለትን ሰው ከየት መጣሽ ብሎ ለመመርመር አቅሙም ፍላጎቱም አልነበረውም። የፈራው ለልጁ ነው። ሶስና እናቷ ከመጣች ወዲህ በእንቅልፏ መወራጨት ትታለች፤ ምግብ በልታ ትጠግባለች፤ ስትስቅ ድምፅ አላት። ይህችን ሴት ውጪ ቢላት ልጅቷ ለሁለተኛ ጊዜ እናቷን ታጣለች፤ ዝም ቢላት ደግሞ ልጁን ምን እንደሚያደርጋት አያውቅም። በሁለቱ መሀል ዝም እያለ ሳምንት አለፈ።

ጳጉሜን ሲገባ፣ እሑድ ቀን፣ ሶስና ግቢ ውስጥ ሳለች አያልነሽ ከጓዳ አንገቷን ሰብራ ወጣችና አጠገቡ ቆመች። ኩርፊያ የለባትም፤ ድካም ብቻ ነው የነበረባት፤ ያንን ድካም ከራሱ ያውቀዋል።

«አስማረ፣ አንገቴን አመመኝ» አለችው። «በሩ ይመታኛል። አንተ አይደለህ እንዲህ ያደረግኸኝ? ትንሽ ዝቅ አድርገኝ።»

ጃኬቱን አንስቶ ወጣ። ዝናቡ በአራዳ ቁልቁለት ላይ የቲማቲም ሳጥን እየገፋ ይወርዳል፤ መንገዱ ላይ ሰው የለም። ፎቶ ቤቱን ከፍቶ ኮምፒውተሩን አበራ። ላጥፋት? ብሎ አሰበ፤ እውነቱን ለመናገር አንድ ቁልፍ መጫን ብቻ ነበር። ነገር ግን የሶስና ሳቅ ትዝ አለው። አምስቱንም ለማረም ጉልበት ስላልነበረው የዘንድሮውን ፎቶ ከፈተ።

ወንበሩ ላይ ደገፍ ብሎ ዓይኑን ጨፈነና የእውነቷን አያልነሽ ሊያስታውስ ሞከረ። የሄደች ቀን መናኸሪያ ውስጥ፣ ረዳቱ ሻንጣዋን አውቶቡሱ ላይ እየጫነ ሳለ፣ ግንባሯ አገጩ ሥር ገብቶ ነበር፤ ያገጩ ጢም ሲወጋት «አትላጭም?» ብላው ነበር። አራት ዓመት የጠፋበት ልክ እዚያ ተቀምጦ ኖሯል። አለቀሰ፤ ማንም ስላላየው እንባውን ለመጥረግም አልቸኮለም። ከዚያ የበሩን ጉበን ብቻ እስኪያሳየው ድረስ ፎቶውን አጎላው፤ የራሱን ቁመት በበሩ ለክቶ፣ ከአገጩ ሥር ምልክት አድርጎ፣ ምስሏን በትንሽ በትንሹ ማሳነስ ጀመረ። ፀጉሯ ከጉበኑ ወረደ። አሁንም ወረደ። ምልክቱ ላይ ደርሶ ሲቆም መብራቱ ብልጭ ድርግም ማለት ስለጀመረ ሴቭ አድርጎ፣ ሙሉውን ፎቶ መልሶ ሳያይ ኮምፒውተሩን አጠፋው።

ቤቱ ሲደርስ ዝናቡ አባርቷል። አያልነሽ ከጓዳ ወጣች፤ ቀጥ ብላ፣ አንገቷን ሳትሰብር፣ በጉበኑና በፀጉሯ መሀል ብርሃን እያሳየች። መጥታ ግንባሯን አገጩ ሥር አደረገች። ልክ ነበረች። የመናኸሪያዋ አያልነሽ ነበረች። ግድግዳውን ተደገፈ፤ ይህን ያህል ደስታ መኖሩን ረስቶት ነበር።

«ሶስና!» ብሎ ተጣራ፤ ድምፁ ውስጥ ሳቅ ነበረበት።

ከመኝታ ቤቱ በኩል የሚጎተት ነገር ድምፅ መጣ። ሶስና በሩ ላይ ቆመች። ቀሚሷ ከእግሯ አልፎ ወለሉን ይጠርጋል፤ እጅጌው ጣቶቿን ውጧል፤ የዘጠኝ ዓመት ፊቷ ግራ ተጋብቶ ከታች ሽቅብ ያየዋል። አስማረ የዚያን ጊዜ ትዝ አለው። ዘንድሮ ሰኔ ሠላሳ፣ እናትና ልጅ የሚነካኩበት ቦታ አልገጥም ቢለው፣ ስለደከመው ሁለቱን አጣብቆ አንድ ምስል አድርጓቸው ነበር፤ አንዷ ስታንስ ሌላዋም አብራ ታንሳለች።

የፎቶ ቤቱን ቁልፍ ከኪሱ እያወጣ ወደ በሩ ሲዞር፣ አያልነሽ ቀድማው ሶስናን በቀኝ እጇ ብድግ አድርጋ ወገቧ ላይ አስቀመጠቻትና፣ ከመጣች ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ድካም በሌለበት ፊት ፈገግ ብላ «ተዋት አስማረ፤ ጥያት ስሄድ ልክ ይህችን ታህል ነበር» አለችው።