አርባ ሰባት ዲግሪ

ፖስተኛው መነጽር እየሞከረ ነበር።

ጥቁር ክፈፍ አድርጎ፣ በበሩ የገባችውን ሴት በመስታወቱ ውስጥ አያት። አላወቃትም፤ ወይም እንዳላወቀ ሰው ሆነ። እሷም የመነጽር ማህደሯን መደርደሪያው ላይ አስቀምጣ፣ «አንደኛው እግሩ ላልቷል፣ ያጥብቁልኝ» አለች። ባለሱቋ መነጽሩን ተቀብላ፣ «ትንሿን ካቻቪቴ ላምጣ» ብላ ወደ ጓዳ ገባች።

አሥር ሰከንድ ይበቃል።

ከፖስተኛው ክርን ሥር አንድ ዓይነት ማህደር አለ። ሁለቱ ማህደሮች ቦታ ተለዋወጡ። በእሷው ውስጥ፣ ከጨርቁ ሥር፣ ሳንቲም የምታህል ክብ ብረት አለች። ሠላሳ ሰባት ቀዳዳ አላት፤ አንዱም በዓይን አይታይም።

«ሦስተኛዋ ናት» አለች፣ ከንፈሯን ሳታንቀሳቅስ።

«ዛሬ ለአጎት አላደርሳትም» አለ ፖስተኛው። «በቀጥታ ወደ ላይ ነው የምወስዳት።»

«ለምን?»

«አትጠይቂኝ። አንቺም ዛሬ ቤትሽ እንዳታድሪ።»

የበሩ ደወል ተንጫረረ። የገባው ሰው ግራጫ ጃኬት ለብሷል፤ የግራ ጆሮው ግማሽ የለም። በሩን ከኋላው ገፍቶ ቁልፉን አዞረ።

መነጽር ሊገዛ የመጣ ሰው በር አይቆልፍም።

«ዞር በል!» ብላ ጮኸች።

ዘገየች። ቢላው በፖስተኛው የጎድን አጥንቶች መሀል ገብቶ ወጣ፤ ደግሞ ገባ። ፖስተኛው አዲሱን መነጽር እንዳደረገ መደርደሪያው ላይ ተደፋ። የጠረጴዛውን መስታወት አንስታ የሰውየው ፊት ላይ ሰበረችው። ግንባሩ ተተረተረ። እሱ ግን አልተንገዳገደም። ጸጉሯን ይዞ ከመነጽር መደርደሪያው ጋር አላተማት፤ መነጽሮቹ እንደ በረዶ ወረዱባት። ቢላው አንገቷ ላይ አረፈ።

ዓይን ለዓይን ተያዩ።

«ምሳ ሰዓትሽ እያለቀ ነው» አላት።

ማህደሩን ኪሱ ከተተ፤ ቁልፉን አዞረ፤ ወጣ።

ፖስተኛው አይተነፍስም። ባለሱቋ ጓዳ ውስጥ አፏን በሁለት እጇ አፍና ተኮራምታለች። አልፋት በጓሮ በር ወጣች፤ ደም የነካውን እጅጌዋን እየጠቀለለች። አንድ ጥያቄ ብቻ ጭንቅላቷ ውስጥ ይመላለሳል። ቢላ ነበረው። በሩ ዝግ ነበር። ታዲያ እሷን ለምን ተዋት?

የስለላ መሥሪያ ቤቷ «መርፌ» ይላታል። ከሦስት ወር በፊት የሥራ ልምድ ወረቀት ፈብርኮ፣ የሳይንስ መሣሪያ ክፍሎች የሚቆርጥ ወርክሾፕ ውስጥ አስቀጠራት። ወርክሾፑ በፍጥነቱ የታወቀ ነው። አዲስ መሣሪያ ያሰበ ላቦራቶሪ ንድፉን ሰኞ ይልካል፤ ረቡዕ ናሙናውን በእጁ ይጨብጣል። ካልሠራ ይሻሻልና እንደገና ይቆረጣል። የእሷ ድርሻ የተቆረጠውን ለክቶ «ያልፋል» ወይም «አያልፍም» ማለት ነው። እዚያ ያሉ ሁሉ «ለኪዋ» ይሏታል።

ሳንቲሟን ያዘዘው ድርጅት «የሳንባ ምርምር» የሚል ወረቀት ይዞ ነበር የመጣው። መድኃኒትን ወደ ጉም የምትለውጥ መርጫ ናት ተባለ። መሥሪያ ቤቱ ግን የድርጅቱን መጋዘን ያውቃል። እዚያ የተከማቸው ፈሳሽ መድኃኒት አይደለም። በጉም መልክ አንድ ገበያ መሀል ቢለቀቅ፣ ቤቱ የሚመለስ ገበያተኛ አይኖርም። እስካሁን የተቆረጡት ሦስቱም ሳንቲሞች አልሠሩም፤ ፈሳሹን ያንጠባጥቡታል እንጂ ጉም አያደርጉትም። እሷ እየለካች ለአለቃዋ ለአጎት ትጽፋለች። ፖስተኛው ያደርሳል። ሌላ የሚያውቅ ሰው የለም።

ልክ በሰባት ሰዓት በወርክሾፑ በር ገባች።

ሥራ አስኪያጁ ሰዓቱን እያየ ጠበቃት። እሱ ከሰዓት በቀር የሚያየው ነገር የለም። «ለኪዋ፣ አራተኛዋ ተቆርጣ ጠረጴዛሽ ላይ ናት። ደንበኛው ራሱ በዘጠኝ ሰዓት ይመጣል። ሰው እንዳያየው ስለሚፈልግ ሁሉንም አሰናብቻለሁ። አንቺና ጋሼ ማይክሮን ብቻ ትቆያላችሁ። እኔም መሄዴ ነው።»

የመለኪያ ክፍሉ ቀዝቃዛና ጸጥተኛ ነው። ሳንቲሟ ነጭ ጨርቅ ላይ ታበራለች። አጠገቧ አዲሱ ንድፍ ተዘርግቷል። አየችው።

ጎንበስ ብላ ደግማ አየችው።

ባለፈው ሳምንት ለአጎት በጻፈችው ሪፖርት ውስጥ ሳንቲሟ ለምን እንደማትሠራ አብራርታ ነበር። ቀዳዳዎቹ መውጫቸው ላይ በሰባ አራት ዲግሪ ሰፋ ቢሉ ትሠራ ነበር፤ ይህን እስካልደረሱበት ድረስ ጊዜ አለን ብላ። ስትቸኩል ግን ቁጥሩን ገልብጣ አርባ ሰባት ብላ ነው የጻፈችው። ስህተቷን ያወቀችው ከላከችው በኋላ ነበር። ምን ለውጥ ያመጣል ብላ ተወችው።

አዲሱ ንድፍ ላይ የቀዳዳዎቹ መውጫ ሰፍቷል። አርባ ሰባት ዲግሪ።

ለካስ አጎት የእሷን ሪፖርት ለጠላት ነው የሚያደርሰው። ለካስ ሦስት ወር ሙሉ ስትሰልል ሳይሆን ስታማክር ነው የከረመችው። ፖስተኛው ደረሰበት፤ ሞተ። እሷ ደግሞ የተረፈችው አራተኛዋን እንድትለካ ነው።

የባሰ ነገርም ነበር። አርባ ሰባቱ በእርሳስ ተሰርዟል። ከጎኑ፣ በጥንቃቄ በተጻፈ እጅ ጽሑፍ፣ 74 ይላል።

ጋሼ ማይክሮን ማሽኑን እየወለወሉ አገኘቻቸው። ሰላሳ ዓመት ብረት የቆረጡ ሰው ናቸው። የሚሊሜትር አንድ ሺህኛ ማለት የሆነው ቅጽል ስም የወጣላቸው ከጸጉር የቀጠነ ስህተት እንኳ እንቅልፍ ስለሚነሳቸው ነው።

«ጋሼ፣ ይቺን ቁጥር ማን ለወጣት?»

«እኔ ነኛ!» አሉ ኩራት እየሞላቸው። «ሞኝ ነው የሳለው። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባል የለ? ሒሳቡን ሠራሁት፤ በአርባ ሰባት ብቆርጠው ያው ያንጠባጥባል። በሰባ አራት ቆርጬ ውሃ ሞከርኩባት። እንደ ጭስ ነው የምትተፋው ልጄ! ባለቤቴ እኮ ሳሉ አላስተኛ ካላት ሁለት ዓመቷ። ይቺ መሣሪያ ስታልቅ ከመጀመሪያዎቹ አንዷ እሷ እንድትሆን ለምኜ አስመዝግቤያታለሁ።»

ከዚያ ሁሉንም ነገረቻቸው። ስለ መጋዘኑ። ስለ መነጽር ሱቁ። እጅጌዋን ገልብጣ ደሙን አሳየቻቸው።

«ደም ከየትም ይመጣል» አሉ። ድምፃቸው ግን ሳስቷል። «ማስረጃ የለሽም?»

«አርባ ሰባቱ የእኔ ስህተት ነው ጋሼ። ሰባ አራት ልጽፍ ነበር። ለአንድ ሰው ብቻ ነው የላክሁት።»

ሽማግሌው ንድፉን ረጅም ጊዜ አዩት። «ሁለት ሰው አንድ ዓይነት ልክ ላይ ሊደርስ ይችላል» አሉ በመጨረሻ። «ሁለት ሰው ግን አንድ ዓይነት ስህተት አይሳሳትም።»

ሳንቲሟን በሁለት ጣት አንስተው ወደ መብራቱ ያዟት። በዕድሜያቸው እንደሷ ያማረ ነገር ቆርጠው አያውቁም፤ ፊታቸው ላይ ይነበባል። ወደ መጭመቂያው ሄዱ። ብረቱ ወረደ። ሲነሳ ሳንቲሟ የተጨፈለቀ ቆርቆሮ መስላለች። ከዚያ ማሽኑ ላይ ያለውን ፕሮግራም አጠፉ፤ እሷም ንድፉን ባልዲ ውስጥ አቃጠለችው።

«አሁን በጓሮ በኩል ይውጡ ጋሼ። እኔ እጨርሰዋለሁ።»

«እሺ፣ ኮቴን ላምጣ።»

በሩ ተከፈተ።

ገና ስምንት ተኩል ነው።

ፊት የገባው ጆሮ ቆራጣው ነው፤ ግንባሩ በፕላስተር ተለጣጥፏል። ከኋላው አጎት ገባ። ሽበታም፣ ንጹሕ፣ ለልጅ ልጆቹ ከረሜላ የሚገዛ ዓይነት ሰው። ሽጉጡን እንደ ጃንጥላ ዘና አድርጎ ይዞታል።

«የጭስ ሽታ ሸተተኝ» አለ። «አራተኛዋስ?»

መጭመቂያው ላይ ያለውን ቆርቆሮ በአገጯ አሳየችው።

አጎት አልተቆጣም። «ግዴለም። አንቺ እያለሽ አምስተኛ ይቆረጣል። ታውቂያለሽ መርፌ፣ ያላንቺ ሦስት ዓመት ይፈጅባቸው ነበር። በሦስት ወር አሳጠርሽው። ፈጣን ናሙና ማለት አንቺ ነሽ።»

«ፖስተኛው ልጆች ነበሩት።»

«ቁጥሩን ንገሪኝ። አርባ ሰባት ነው?» ፊቷን አጤነ። «አይደለም፤ ከፊትሽ አያለሁ።»

አጎት በዓይኑ ጠቀሰ። ጆሮ ቆራጣው ጋሼ ማይክሮንን አንቆ እየጎተተ ብረት እያሽከረከረ ከሚቆርጠው ቶርኖ አጠገብ ወዳለው የብረት ማሰሪያ ሞርሳ አደረሳቸው። ቀኝ እጃቸውን በሁለቱ የብረት መንጋጋዎች መሀል ከትቶ መዞሪያውን አጠበቀ።

አንድ ዙር። ሽማግሌው ጥርሳቸውን ነከሱ።

ሁለተኛ ዙር። አጥንት ተሰበረ፤ ድምፁ እስከ እሷ ድረስ ተሰማ።

«ቁጥሩ» አለ አጎት።

«እንዳትነግሪው!» ጋሼ ማይክሮን ጮኹ። «እንዳትነግሪው ልጄ!»

ጆሮ ቆራጣው ለሦስተኛው ዙር ጎንበስ አለ። ጀርባው ቶርኖውን ነካ፤ የጃኬቱ ጫፍ ማሽኑ ሲነሳ የሚሽከረከረው መያዣ ላይ ወደቀ። ወርክሾፕ የሠራ ሰው ሁሉ በመጀመሪያው ቀን የሚማረው ነገር ነው፤ ማሽን አጠገብ ልቅ ልብስ አይለበስም። እሱ ግን ቢላ እንጂ ቶርኖ አያውቅም።

ጋሼ ማይክሮን ግራ እጃቸውን ዘርግተው ማስነሻውን ሳቡት።

ማሽኑ አገሳ። ጃኬቱን ጠቀለለ፤ ክንዱን ተከትሎ ወሰደ፤ ከዚያ ሰውየውን። ጩኸቱ አንድ ጊዜ ብቻ ወጣ። ግድግዳው እስከ ጣሪያው ቀላ።

አጎት ተኮሰ። ጋሼ ማይክሮን በታሰረ እጃቸው ተንጠልጥለው ቀሩ።

ሁለተኛው ጥይት የእሷ ነበር። በሦስት እርምጃ ደረሰችበት። የሽጉጡን አፍ በግራ መዳፏ ደፈነችው። ፍንዳታው መዳፏ ውስጥ ነው የተሰማት፤ ሁለት ጣቶቿ ሄዱ። ሕመሙ ገና አልደረሰም። ቀኝ እጇ ከጠረጴዛው ላይ ብረት ላይ መስመር የሚጫርበትን ሹል ዘንግ አገኘ።

«ልጄ…» አለ አጎት።

አንገቱ ሥር ሰካችው። አላወጣችውም። እስኪበርድ ድረስ ይዛው ቆመች፣ ዓይኑን እያየች።

ቶርኖውን አጠፋች።

ጋሼ ማይክሮን ምንም አላሉም። ሰው ሲሞት ቃል ይተዋል የሚባለው ውሸት ነው። እጃቸውን ከሞርሳው ለማስለቀቅ በአንድ እጇ መዞሪያውን ወደ ኋላ አዞረች፤ ደሙ እያንሸራተታት ብዙ ጊዜ ወሰደባት። ወለሉ ላይ አስተኝታቸው ኮታቸውን አለበሰቻቸው።

ከመንገድ ስልክ፣ በቃሏ የያዘችውን የመጨረሻ ቁጥር ደወለች።

«አጎት ከድቷል። ሞቷል። ሳንቲሟም ንድፉም የሉም።»

ወዲያ ማዶ ያለው ድምፅ መለሰ። «መጋዘኑን ዛሬውኑ እንይዘዋለን። ደግ ሠርተሻል።»

«ሽማግሌው ንጹሕ ሰው ነበሩ። ይህን ንገሩልኝ። ለቤተሰባቸው…»

«ምን ብለን? ሬዲዮው ማታ ለኪዋ ወርክሾፑ ውስጥ ሦስት ሰው ገድላ ጠፋች ይላል። እንደዚያው ይቆይ። መርፌ የሚባል ሰው ከዛሬ ጀምሮ የለም።»

መስመሩ ተቋረጠ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ፣ አስተዛዛኙ ሁሉ ሲበተን፣ የጋሼ ማይክሮንን ቤት በር አንኳኳች። እንዳትመጣ ራሷን ስትለምን ነው የከረመችው። ሻርፕ ተከናንባለች፤ ግራ እጇ ኮቷ ኪስ ውስጥ ነው። የከፈቱላት ቀጭን ሴትዮ ዓይናቸው አብጧል።

«ማን ልበል ልጄ?»

«ጋሼ አንድ ጊዜ የእናቴን የስፌት መኪና ሠርተውልን ነበር፣ እትዬ። ዘግይቼ ነው የሰማሁት። እግዜር ያጥናዎት።»

«ግቢ፣ ቁጭ በይ።» ወንበር ሳቡላት። ቤቷ ጠባብና የተወለወለች ናት። «እሱ እንደሆነ ለማንም እምቢ አይልም ነበር። ይቺንም ልጅ እኮ ይወዳት ነበር! ‹ለኪዋ እንደኔ ናት፣ አታሳልፍም› እያለ እዚህ ቁጭ ብሎ ያወራላት ነበር። አንድ ቀን ምሳ ካልጋበዝኳት ብሎ…» በነጠላቸው ጫፍ አፍንጫቸውን ጠረጉ። «ምን አድርጓት ነው? ምን በድሏት ነው እንደዚያ እጁን የሰባበረችው?»

ለኪዋ አፏን ከፈተች። ሦስት ቃል ይበቃ ነበር። «ለኪዋ አይደለችም ያደረገችው»፤ ሦስቱም ቃላት ምላሷ ላይ ነበሩ።

ወለሉን አየች።

«የትም ትግባ የትም» አሉ ሴትዮዋ፣ እጃቸውን ወደ ጣሪያው ዘርግተው፣ «እንደኔ ብቻዋን ያስቀራት!»

«አሜን» አለች።

ተነስታ ጉንጫቸውን ሳመች። ውጭ፣ ሰው ከሥራ የሚወጣበት ሰዓት ነበር፤ መንገዱ ሞልቷል። ሻርፗን ወደ ግንባሯ ሳብ አድርጋ ከአውቶቡስ ጠባቂው ሰልፍ መሀል ገባች። አውቶቡስ መጣ፤ ከፊቷ ያለው ሰው ወጣ፤ እሷም ወጣች። ማንም ዞሮ አላያትም።