መብራት የጠፋበት ሰዓት

ሀሚዱ የተገኘው ከውኃ ፓምፑ አጠገብ በጀርባው ተንጋሎ ነው። እግሮቹ እስከ ቁርጭምጭሚቱ ሐይቁ ውስጥ ናቸው። ቀኝ መዳፉ ላይ የሽቦ ቅርጽ የያዘ ጥቁር ቃጠሎ ይታያል። ኢንስፔክተር ሰብለወንጌል ተንበርክካ ደረቱን አየች። ሲወድቅ የተረጨበት ጭቃ ሸሚዙ ላይ ደርቆ ተሰነጣጥቋል፤ በጣቷ ብትነካው ረገፈ።

«ስንት ሰዓት ላይ አየኸው?» አለች።

«አምስት ተኩል ይሆናል» አለ ዓሣ አጥማጁ ማህዲ። «ከጀልባዬ ሆኜ የተኛ መስሎኝ ተጣራሁ። ሽቦውን እንደያዘ ሳይ ሮጬ ለወንድሙ ነገርኩት። ኃይሉን ከቤት ያጠፋው እሱ ነው።»

ኮንስታብል ወንዱ ግራ ገብቶታል። «ከተማው ከረፋድ ጀምሮ መብራት የለውም። ታዲያ ምን ያዘው?»

ሰብለወንጌል ከፍ ብሎ ወደሚታየው ቤት አመለከተች። ጣሪያው በሶላር ተሸፍኗል። ሀሚዱ አሥራ ሁለት ዓመት ዱባይ ሠርቶ ሲመለስ ይዞት የመጣው ትልቁ ነገር ይህ ነበር፤ የፀሐይን ኃይል የሚያጠራቅም ባትሪ፣ እያንዳንዱን መስመር በስልክ የሚያዝ መሣሪያ፣ የተከፈተውንና የተዘጋውን ሁሉ ከነሰዓቱ የሚመዘግብ ትንሽ ስክሪን። የከተማው መብራት ሲጠፋ የሀሚዱ ቤት አይጨልምም። ሦስት ጎረቤቶችንም በራሱ መስመር አገናኝቷቸው ነበር።

በሩ ላይ የጠበቃት ታናሽ ወንድሙ አብዱልመናን ነው።

«ኢንስፔክተር፣ አደጋ ነው። አላህ ያለው ሆነ። ጀናዛውን ዛሬ ከአስር ሶላት በኋላ እንቅበረው፤ አያቆዩብን።»

«የጤና መኮንኑ አይቶት ይጨርስ። እስከዚያ ከእናንተ ማንም ከግቢ አይወጣም» አለች።

ከውስጥ የእናታቸው የእማ ሀውራ ልቅሶ ይሰማል። ሰብለወንጌልን ጭንቅ ያዛት። ብትቸኩል ገዳይ ከቀባሪ ጋር ሊቆም ነው፤ ብትዘገይ እናት ልጇን ሳታስቀብር ልታድር ነው።

መሣሪያው የተገጠመው ከቤቱ ጀርባ ባለች ጠባብ ክፍል ነው። ሐቢብን ከሱቁ አስጠራችው። ሲስተሙን የገጠመው እሱ ነው፤ በሐይቅ ከተማ ስለ እጁ የማይመሰክር የለም።

«ይህች ቀይ ሽቦ ምንድን ናት?»

ሐቢብ ጎንበስ ብሎ አያት። «ሰው ሽቦ ሲይዝ ወዲያው የሚቆርጥ ብሬከር ነበረ። በዚህች ሽቦ አልፈውታል፤ ስለዚህ አልቆረጠም። ሀሚዱ መነካካት ይወድ ነበር፤ አላህ ይዘንለት።»

«ፓምፑ መቼ እንደተከፈተ ይናገራል?»

ስክሪኑን ነካ ነካ አደረገ። «11፡20 ይላል። አምስት ሰዓት ከሃያ ማለት ነው። በስልክ አይደለም፤ እዚሁ ቆሞ በእጁ የከፈተ ሰው አለ።» ድምፁ የተረጋጋ ነበር። «እኔ ሦስት ሰዓት ላይ መጥቼ ሶላሩን አጠብኩ፤ አራት ተኩል ላይ ወጣሁ። ከአምስት ሰዓት ጀምሮ ሱቄ ነበርኩ፤ ገበያው ሁሉ አይቶኛል።»

ስክሪኑን ሊያጠፋ እጁን ሲሰድ ከለከለችው። «ተወው፣ ይብራ። ወንዱ፣ የዛሬውን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ፎቶ አንሳው። ያለፉትን ሁለት ወራትም ጨምር።»

በሐቢብ ንባብ ከሄዱ፣ በዚያች ሰዓት ቤት የነበረው አብዱልመናን ብቻ ነው። እሱም አልካደም።

«ከደሴ አምስት ሰዓት ላይ ገባሁ። ቤቱ ባዶ ነበር። ጋደም አልኩ። የቀሰቀሰኝ ማህዲ ነው።»

«ከወንድምህ ጋር ተጣልታችሁ ነበር አሉ።»

«በመስመሩ ነው። ጎረቤት አታገናኝ፣ አንድ ነገር ቢፈጠር የምንጠየቀው እኛ ነን ብዬው ነበር። መሪማ ስትሞት ደግሞ ‹አላልኩህም?› አልኩት።» አንገቱን ደፋ። «ያቺን ቃል ባልተናገርኳት።»

«መሪማ ማናት?»

«የሐቢብ ሚስት፤ በእኛ መስመር ከተገናኙት ጎረቤቶች አንዷ። ሳንባዋን ታማ የምትተነፍሰው በኦክስጅን ማሽን ነበር። ከሁለት ወር በፊት መብራት ጠፍቶ ሳለ አረፈች።»

የሟቹ ሚስት ሙጂባ ከአማቷ እግር ሥር ተቀምጣለች። ጠዋት ሁለት ተኩል ላይ እማ ሀውራን ለስኳር ክትትል ጤና ጣቢያ ወስዳ፣ የተመለሱት ወደ ስድስት ሰዓት ገደማ ነው።

«መሣሪያውን ታውቂበታለሽ?» ስትል ጠየቀቻት ሰብለወንጌል።

«በስልኬ አየዋለሁ። ከእኔና ከሀሚዱ በቀር በስልክ የሚያዘው የለም። መጀመሪያ ሰዓቱ ያሳስተኝ ነበር። ዱባይ እንደተሞላ ነው፣ አንድ ሰዓት ቀንሰሽ አንብቢው ያለኝ ሐቢብ ነው።»

ሰብለወንጌል ፊቷን ሳትለውጥ የሀሚዱን ፓስፖርት እንድታመጣላት ጠየቀቻት።  በገጾቹ መሐል የአውሮፕላን መሳፈሪያ ቁራጭ ወረቀት አገኘች። ቀኑንና ሰዓቱን አነበበች፤ ከወንዱ ፎቶዎች ከአንዱ ጋር አስተያየችው። ከዚያ ወደ ጣሪያው ወጣች። ሶላሩ የታጠበበት ቦታ ላይ ቆመው ቁልቁል ሲያዩ የፓምፑ ስፍራ ቁልጭ ብሎ ይታያል።

ስምንት ተኩል ላይ ሁሉንም ሳሎን ሰበሰበቻቸው።

«ከጭቃው ልጀምር» አለች። «ማህዲ ሀሚዱን ያየው አምስት ተኩል ላይ ነው። አምስት ከሃያ ላይ ሞቶ ከሆነ ጭቃው ገና እርጥብ መሆን ነበረበት። እኔ ለስድስት ሩብ ጉዳይ ስደርስ ግን ደርቆ ይረግፍ ነበር። ለዚህ ነው ሰዓቱን የተጠራጠርኩት።

«መሣሪያው የከተማው መብራት የጠፋበትን ደቂቃም ይመዘግባል። 11፡00 ይላል። በሐቢብ ንባብ አምስት ሰዓት ነው። እኔ ግን መብራት ሲጠፋ ቢሮዬ ምስክር እያሰማሁ ነበር። መዝገቡ ላይ ‹መብራት በመጥፋቱ ከረፋዱ አራት ሰዓት ላይ ተቋረጠ› ብዬ የጻፍኩት ራሴ ነኝ። ስለዚህ የመሣሪያው ሰዓት አንድ ሰዓት ይቀድማል። ሀሚዱ መብራት ሲጠፋ ፓምፑን ሊጠግን ወረደ። ከባትሪው ኃይል እንዳይደርሰው መስመሩን በስልኩ ዘጋ፤ ይህም ተመዝግቧል። ፓምፑ ተመልሶ የተከፈተው አራት ከሃያ ላይ ነው።

«አራት ከሃያ ላይ አብዱልመናን ከደሴ በሚመጣው ሚኒባስ ውስጥ ነበር፤ ወንዱ ሾፌሩን ጠይቋል። ሙጂባና እማ ሀውራ ጤና ጣቢያ ወረፋ ይጠብቁ ነበር። ማህዲ ሐይቁ ላይ ነበር። እዚህ ቤት የነበረው አንድ ሰው ነው፤ በራሱ አፍ እስከ አራት ተኩል ነበርኩ ብሎኛል። ከጣሪያው ላይ ሆኖ ሀሚዱ ሽቦውን በእጁ ሲይዝ ያየ፣ ወርዶ መስመሩን የከፈተ፣ ብሬከሩን ማለፍ የሚችል። ለሙጂባ አንድ ሰዓት ቀንሰሽ አንብቢ ያለ ሰው ለእኔ ሲያነብ መቀነሱን አይረሳም።»

ሁሉም ወደ ሐቢብ ዞሩ። ሐቢብ ምንጣፉን ያያል።

«የሀሚዱ ባትሪ ግማሽ ያህል ኃይል ነበረው» አለ በመጨረሻ። «መሪማ የሞተች ቀን። ሱቅ ነበርኩ፤ ስመጣ ማሽኑ ዝም ብሏል። ከቀብር በኋላ መዝገቡን አየሁት። የጎረቤት መስመር በስልክ ተዘጋ ይላል። አልተበላሸም፣ አላለቀም። ሰው ነው የዘጋው። ያን ሰሞን ዱባይ ተመልሶ ነበር፤ እዚያ ተቀምጦ በጣቱ።»

ሰብለወንጌል ቁራጭ ወረቀቷን ፊቱ አስቀመጠች። ይህን ከማለት ዝም ብትል በወደደች ነበር።

«በዚያች ሰዓት ሀሚዱ አየር ላይ ነበር። ስልኩ ዝግ ነው።»

ሐቢብ ወረቀቷን አንስቶ ደጋግሞ አነበባት።

«የሄደው ባትሪ ሊያመጣ ነው» አለ አብዱልመናን ቀስ ብሎ። «ለመሪማ ማሽን ብቻውን የሚሆን። ይዞ ሲደርስ ተቀብራ ነበር። አሁን ምን ብዬ ለሐቢብ ልስጠው አለኝ።»

«እኔ ነኝ የዘጋሁት» አለች ሙጂባ።



«መብራት ከጠፋ ሁለተኛ ቀን ነበር። ባትሪው ሲወርድ አየሁ። የእማማ ኢንሱሊን ፍሪጅ ውስጥ ነው፤ ይበላሻል ብዬ ፈራሁ። ለጥቂት ጊዜ ብዬ ዘጋሁት። መሪማ ከሆስፒታል መውጣቷን አላወቅሁም፤ ወላሂ አላወቅሁም። አምፖል ብቻ የሚጠፋ መሰለኝ። ሀሚዱ ሲመጣ ነገርኩት። ለማንም እንዳትናገሪ፣ እኔ እሸከመዋለሁ አለኝ።»

ሐቢብ ወረቀቷን መልሶ አስቀመጠ። ወንዱ ካቴናውን ሲያስገባለት እጁን ራሱ ዘረጋ።

«ጀናዛው ላይ ልስገድና ውሰዱኝ» አለ።

አብዱልመናን ከተቀመጠበት ተነስቶ በቁጣ ሊናገር ሲል፣ ከጤና ጣቢያ ከተመለሰች ጀምሮ ማንንም ያላናገረችው እማ ሀውራ ቀና አለች።

«ከኋላ ይቁም» አለች።

ከአስር ሶላት በኋላ ወንዶቹ ተሰልፈው ሲሰግዱ፣ ሐቢብ በመጨረሻው ረድፍ ታስሮ ቆሟል፤ ወንዱም ከአጠገቡ። ሰብለወንጌል ከሴቶቹ ጋር ራቅ ብላ ቆመች። ሙጂባ መጥታ ተጠጋቻት።

«ሐቢብ ጠይቆን ቢሆን እነግረው ነበር» አለች። «ደግሞ አልነግረውም ነበር። አላውቅም። እውነቱን ቢያውቅ የሚሞተው ሀሚዱ አልነበረም፤ አይደል?»

ሰብለወንጌል ጠጋ ብላ ክንዷን ያዘቻት።  ቃሬዛው ተነስቶ ከዓይን እስኪሰወር ድረስ አጠገቧ ቆመች።